አዳፕቴሽን ምንድን ነው? ከአጭር ልቦለድ ወደ አጭር ፊልም

ደሴ ላይ ካሜራ ያለው ልጅ ሞልቷል። ሰርግና ምርቃት ሲቀርጽ ይውላል። አጭር ፊልም ልሥራ ሲል ግን የሚጠፋው ታሪኩ ነው። ተጽፎ የተቀመጠ አጭር ልቦለድ ወስዶ በፊልም እንዲነገር አድርጎ እንደገና መጻፍ ይቻላል። አዳፕቴሽን የሚባለው ይህ ነው።

እንዳለ መገልበጥ አያዋጣም። ልቦለድ ሰው ልብ ውስጥ ገብቶ ያወራል፤ ካሜራ የሚያየው ከውጭ ነው። «ሰይድ አባቱ ከሞቱ ወዲህ ሱቁን መክፈት ያስፈራዋል» የሚል መስመር አለ እንበል። ይህን እንዴት ትቀርጹታላችሁ? ብዙ ጀማሪ ከጀርባ የተራኪ ድምፅ ይለጥፍበታል። ስንፍና ነው ባይ ነኝ። ይልቅ ሰይድን ደሴ ሰኞ ገበያ፣ ሱቁ ደጃፍ ውሰዱት። ማለዳ ነው፤ ጉሙ ገና አልተነሳም። ቁልፉን ሰካ፤ አላዞረውም። ጎረቤቱ «ዛሬም አትከፍትም እንዴ?» አለው። «ዕቃ ላመጣ ነው» ብሎ ቁልፉን ነቅሎ ሄደ። ስለ አባቱ ማንም ምንም አላለም። በሌላ ቀን በሩ ሲከፈት፣ የአባትየው ኮፍያ ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ብናይ በቂ ነው። ያቺ ኮፍያ ልቦለዱ ውስጥ ላትኖር ትችላለች። ግድ የለም፣ ጨምሯት።

ቀጥሎ መቀነስ ይመጣል። በስክሪፕት፣ ማለትም በፊልም ጽሑፍ፣ ልማድ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ኦስካር እንኳ አጭር ፊልም የሚለው ከነሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ከ40 ደቂቃ የማይበልጠውን ነው፤ ለጀማሪ 10 ደቂቃ ራሱ ብዙ ነው። ልቦለዱ ላይ «የሀረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ገባ» ማለት ቀላል ነው። ቀረጻ ላይ ግን መኪና ነው፣ ነዳጅ ነው፣ የሚመሽ ቀን ነው። መንገዱን ዝለሉት። ደሴ ላይ ጃኬቱን እስከ አንገቱ የቆለፈው ሰውዬ፣ በሚቀጥለው ምስል ጃኬቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ላቡን ይጥረግ። ደሴ ብርድ፣ ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፤ የአካባቢው ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ፈቃድም አለ፤ ብዙዎች የሚዘሉት እሱን ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራውን ወደ ሌላ መልክ የመቀየር መብት የደራሲው ነው። ጥበቃው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ደራሲውን፣ ከሌለ ወራሾቹን ጠይቁ። በጽሑፍ ይሁን ታዲያ። በስልክ «ችግር የለም፣ ሥሩት» የተባለ ነገር ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ ተመልካች ሲያገኝ ይረሳል።