የጉልበት ሕመምና የጉልበት ቅየራ በአዳማ

«ጉልበት» በአማርኛ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ጭንና ቅልጥም የሚገናኙበት መገጣጠሚያ፣ ሌላው አቅም። አዳማ ውስጥ አንድ አዛውንት «ጉልበቴ ከዳኝ» ካሉ የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ነው። ይህ ጽሑፍ የመጀመሪያውን ይመለከታል፦ በዕድሜ የሚመጣውን የጉልበት ሕመም፣ የአዳማ ሰው ለሕመሙ መፍትሔ ፍለጋ የሚሄድባቸውን ቦታዎች፣ በመጨረሻም ጉልበት «ተቀየረ» ሲባል ምን እንደሚደረግ።

ስሙና ምንነቱ

በሰፈር ቋንቋ መገጣጠሚያ የሚያም ነገር ሁሉ «ቁርጥማት» ወይም «ሪህ» ይባላል። ሐኪም ዘንድ ግን የተለያዩ ናቸው። ሪህ ዩሪክ አሲድ በዝቶ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲጠራቀም የሚመጣ ነው። ብዙ ጊዜ ከእግር አውራ ጣት ይጀምራል፣ ሌሊት ድንገት ይነሳል። ሩማቶይድ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚመጣ ሲሆን የእጅ ጣቶችን ይወዳል። እዚህ የምናወራው ስለ ሦስተኛው፣ የመገጣጠሚያው ሽፋን ሲበላ ስለሚመጣው ኦስቲዮአርትራይተስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ነበረባቸው። በብዛት የሚጠቃው ጉልበት ነው፤ ብቻውን 365 ሚሊዮን ሰው ይይዛል። ከታማሚዎቹ 60 በመቶ ያህሉ ሴቶች ናቸው።

በግ ሲበለት ቆሞ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። መገጣጠሚያው ሲገነጠል የአጥንቱ ጫፍ ላይ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቢላ የሚያዳልጥበት ሽፋን አለ። ካርቲሌጅ የሚባለው እሱ ነው። የደም ሥር ስለሌለው አንዴ ከተበላ እንደ ቆዳ መልሶ አይሽርም። ሽፋኑ ሲሳሳ ከሥሩ ያለው አጥንት ይጠነክራል፣ ዳርና ዳሩ ላይ እሾህ የመሰለ አጥንት ያወጣል፣ ጉልበቱ ይንቋቋል፣ እግር ወደ ውጭ መቀልበስ ይጀምራል። ብዙ ሰው «የጉልበቴ ፈሳሽ አለቀ» ይላል። የሚሆነው ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። የተቆጣ ጉልበት ፈሳሽ ያበዛል፣ የጉልበት ሎሚው ዙሪያ የሚያብጠውም ለዚህ ነው።

ራጅ ላይ የሚነበበው የጉዳት ደረጃ ከ0 እስከ 4 ነው፤ 4 የከፋው ነው። ኬልግረንና ሎውረንስ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጡት ነው። ራጁ ቆመው ቢነሱት ይሻላል፤ ተኝተው ሲነሱት በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከሆነው በላይ ሰፍቶ ይታያል። ደረጃውና ሕመሙ ደግሞ ሁልጊዜ አይገጥሙም። 4 ይዘው ገበያ የሚውሉ አሉ፣ 2 ይዘው እንቅልፍ ያጡም አሉ። ስለዚህ «ራጄ መጥፎ ነው» የሚለው ብቻውን ለቀዶ ሕክምና አያበቃም።

ጉልበትና የአዳማ ኑሮ

የኛ ኑሮ ጉልበት አጣጥፎ የሚኖር ኑሮ ነው። ቡና በበርጩማ ይፈላል፣ ሽንት ቤት ቁጢጥ ብሎ ነው፣ ልብስ በሳፋ ጎንበስ ተብሎ ይታጠባል። ስግደትም ሶላትም ጉልበት ይፈልጋል። አዳማ ሜዳ ከተማ ናት፣ ይህ የጉልበት ሕመም ላለበት ሰው ፀጋ ነው። ባጃጅ በየደጁ ያደርሳል፤ ጋሪ ግን መውጫው ከፍ ስለሚል ያስቸግራል። ከሁሉ የሚከፋው ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው።

ሠርግ ላይ ሙሽሮች የወላጅ ጉልበት ይስማሉ። አንዲት እናት፣ ሙሽራው ልጃቸው ዝቅ ሲል፣ ፈገግ ብለው «ቀኙን ተው፣ ግራውን ሳም» ሲሉ ሰምቻለሁ። ድንኳኑ ሳቀ። እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር።

ሶደሬ፣ ቦኩ እና ሙቀት

ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ አዋሽ ዳር ያለው ሶደሬ ለቁርጥማት የሚኬድበት ቦታ ከሆነ ቆይቷል። ከአዲስ አበባም ከአሰላም ይመጣሉ። ዝንጀሮውን፣ የግራሩን ጥላ፣ ከመሬት የሚፈልቀውን ሙቅ ውሃ የማያውቅ የአዳማ ልጅ የለም ማለት ይቻላል። በጃቸው ፎጣና ሳሙና ይዘው ማለዳ የሚገቡ እናቶች አሉ። ሲወጡ እግራቸው ቀሎ ይወጣሉ፤ ውሸት አይደለም። ለከተማው ቀረብ ያለው ቦኩ ደግሞ ከመሬት በሚወጣ እንፋሎቱ ይታወቃል።

ሙቀት የተኮማተረ ጡንቻን ያላላል፣ ውሃ ክብደትን ይሸከማል። ስለዚህ ውሃ ውስጥ መራመድና እግር ማንቀሳቀስ ለታመመ ጉልበት ከሚመከሩት ነገሮች አንዱ ነው። ካርቲሌጁን ግን አይመልስም። ባለሙያ ስፖርት ሥራ ብሎ በየብስ ከሚያዝዘው ይልቅ ሶደሬ ገንዳ ውስጥ ግማሽ ሰዓት መራመድ ይቀላል፤ እኔ በዚህ አዳማን ዕድለኛ ነው የምላት። ስኳር ያለበት ሰው ግን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ የእግሩ ስሜት የቀነሰ ሰው ሲቃጠል አይታወቀውም።

የወንጂ ጉዳይ

በዚህ አካባቢ ስለ መገጣጠሚያ ሕመም ሲነሳ ወንጂን መዝለል አይቻልም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካን ኤችቪኤ የተባለ የሆላንድ ኩባንያ አቋቁሞ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሠራተኞቹ ከየአገሩ መጥተው በየካምፑ ሰፈሩ፣ የጉድጓድ ውሃ ጠጡ። ውሃው ውስጥ ፍሎራይድ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን በስምጥ ሸለቆ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ ብዙ እጥፍ ያልፋሉ። ልጆች ጥርሳቸው በለዘ። ዓመታት የጠጡ ሠራተኞች ደግሞ ጀርባቸው ደረቀ፣ አንገታቸው አልዞር አለ፣ መቀመጥና መነሣት ከበዳቸው። ስኬሌታል ፍሎሮሲስ ይባላል። አጥንት ከመጠን በላይ ይጠነክራል፣ ጅማት ወደ አጥንትነት ይለወጣል። የወንጂ ሠራተኞች ሕመም በተመራማሪዎች ተደጋግሞ የተጠና ነው። ውሃውን ፍሎራይድ የሚያጣሩ መሣሪያዎችም ኋላ ላይ ተተክለዋል።

ይህ ከተራው የጉልበት ሕመም ይለያል፤ ሕክምናውም ይለያል። ስለዚህ በወንጂና በዙሪያው ያደገ፣ ጥርሱ የበለዘ፣ ከጉልበቱ ይልቅ ወገቡና አንገቱ የደረቀ ሰው ይህንን ለሐኪሙ ቢነግር ጥሩ ነው። ውሃ ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም፤ ውሃው ስለሚተን እንዲያውም ትንሽ ያከማቸዋል። አዳማ ከተማ ዛሬ የምትጠጣው ተጣርቶ የሚመጣ የአዋሽ ውሃ ስለሆነ ከተሜው በዚህ ረገድ የተሻለ ነው። በአካባቢው ካለው ቁርጥማት ምን ያህሉ የፍሎራይድ፣ ምን ያህሉ የዕድሜ ነው በሚለው ላይ ግን ሰዉ ይከራከራል። ከወንጂ ጡረታ የወጡት ሁሉንም ለውሃው ይሰጡታል። ትንሽ ያጋነኑ ይመስለኛል፤ አገዳ ማሳ ላይ ዕድሜ ልክ መሥራትም ራሱ ጉልበት ይበላል።

ወጌሻ፣ መርፌና ክኒን

ወጌሻ ለወለምታ ስሙን ያተረፈ ነው። ላረጀ ጉልበት ግን ጠንከር ያለ ማሸት እብጠቱን ያባብሳል እንጂ አይረዳም። ለስለስ ያለ መታሸት ለጡንቻው ደግ ነው፣ ቅቤም ቢሆን ቫዝሊንም ቢሆን ለውጥ የለውም።

ከፋርማሲ ብዙ የሚሸጡት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ናቸው። ይሠራሉ። ነገር ግን ለወራት በየቀኑ ሲዋጡ ጨጓራን ያደማሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ ደም ግፊትን ይጨምራሉ። ለአረጋዊ የሚቀባው ዲክሎፌናክ ከሚዋጠው የተሻለ አማራጭ ነው። ጉልበት ውስጥ የሚወጋው የስቴሮይድ መርፌ ለጥቂት ሳምንታት እፎይታ ይሰጣል። ቀዶ ሕክምና የቀጠሩ ሰዎች ግን በፊቱ ባሉት ሦስት ወራት ባይወጉት ይመረጣል፣ የኢንፌክሽን አደጋ ያሳድጋል። ለካርቲሌጅ ተብሎ የሚሸጠው ግሉኮሳሚን ውድ ነው፣ ጥቅሙ ግን አሳማኝ ሆኖ አልተገኘም።

ርካሹና የሚሠራው መድኃኒት ሰው የማይወደው ነው፦ የጭን ፊት ጡንቻን ማጠንከርና ክብደት መቀነስ። የቀነሱት አንድ ኪሎ በየእርምጃው ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ያወርዳል። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እግርን ቀጥ አድርጎ ለአምስት ሰከንድ መያዝ፣ አሥር ጊዜ፣ ቀን በቀን። በቃ። ከዘራ ደግሞ የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒው እጅ ነው። አብዛኛው ሰው ግን በታመመው በኩል ይይዘዋል። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ የታመመው።

ቅየራው እንዴት ተገኘ

ቴሚስቶክለስ ግሉክ የተባለ ሐኪም በርሊን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1890 ከዝሆን ጥርስ የተሠራ የጉልበት ማጠፊያ ሰው ላይ ገጠመ። ሕመምተኞቹ የሳንባ ነቀርሳ መገጣጠሚያቸውን የበላባቸው ነበሩ። ኢንፌክሽን ሥራውን አበላሸበት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እንደ በር ማጠፊያ ያሉ የብረት ጉልበቶች መጡ፣ ቶሎ ይላቀቁ ነበር። ነገሩ የተለወጠው ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1962 በዳሌ ላይ ብረትን ከፕላስቲክ ጋር አጣምሮ፣ በአጥንት ሲሚንቶ አጣብቆ ካሳየ በኋላ ነው። ፍራንክ ጋንስተን ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1968 ወደ ጉልበት አመጣው። ዛሬ ለምንጠቀምበት ጉልበት መሠረት የሆነው ንድፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 ኒው ዮርክ ውስጥ ከጆን ኢንሳል ቡድን ወጣ።

ቀዶ ሕክምናው

«ጉልበት መቀየር» የሚለው ቃል ያስፈራል። ሙሉ መገጣጠሚያው ተቆርጦ የሚጣል ይመስላል። የሚደረገው ጥርስ ላይ ክራውን ከማልበስ ጋር ይቀራረባል። ከጭኑ አጥንት ጫፍና ከቅልጥሙ አናት በሚሊ ሜትር የሚለካ ቁራጭ ይነሳል። ላይኛው የኮባልት ክሮም ሽፋን ይለብሳል፣ ታችኛው ላይ ብዙ ጊዜ የታይታኒየም ሳህን ይቀመጣል፣ በመካከላቸው ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። ጅማቶቹ አብዛኞቹ ይቆያሉ። አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ብዙ ጊዜ በወገብ መርፌ ከታች ብቻ ተደንዝዞ ይሠራል፤ መዶሻው ሲመታ ድምፁ ይሰማል። ይህንን ቀድሞ ያልተነገረው ሰው ይደነግጣል።

በከተማው በዕድሜ አንጋፋ የሆነው የመንግሥት ሆስፒታል የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ነው። የዕድሜ ባለጸጎች ዛሬም በአርበኛው ስም «ኃይለማርያም ማሞ» ይሉታል። ለጉልበት ቅየራ ግን አብዛኛው የአዳማ ሰው ፊቱን ወደ አዲስ አበባ ያዞራል፣ አቅም ያለውም ወደ ህንድና ወደ ባንኮክ። በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው ፈጣን መንገድ የአዲስ አበባውን ጉዞ አሳጥሮታል። ለክትትል ጠዋት ሄዶ ከሰዓት መመለስ ይቻላል። ለሚመለስ ታማሚ ግን የፊት ወንበር ወደ ኋላ ተገፍቶ፣ እግር ተዘርግቶ፣ ቁርጭምጭሚት በየደቂቃው እየተንቀሳቀሰ ነው መሄድ ያለበት። ፈጣን መንገዱ ላይ እንደ ልብ መቆም ስለማይቻል ሽንት ቤትም ቀድሞ ነው።

አደጋዎቹ የታወቁ ናቸው። ከመቶ አንድ ሁለቱ ላይ ኢንፌክሽን ይመጣል፤ ስኳሩ ያልተስተካከለና የሚያመረቅዝ ጥርስ ያለው ሰው መጀመሪያ እነሱን ቢያክም ይሻላል። ደም የባት ሥር ውስጥ እንዳይረጋ ማቅጠኛ ይታዘዛል። ከአምስት ሰዎች አንዱ ያህል በውጤቱ ሙሉ በሙሉ አልረካም ይላል፣ ይህም ብዙ ጊዜ ከጠበቀው ነገር ጋር የተያያዘ ነው። የተቀየረው ጉልበት ዕድሜ ደግሞ ረጅም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት ከመቶ 82 ያህሉ 25 ዓመት ይቆያሉ።

ከዚያ በኋላ

ትልቁ ሥራ ቤት ነው። በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ዎከር በሚባለው መደገፊያ ታማሚውን ያስነሳሉ። መጀመሪያ የሚፈለገው ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ቀጥ እንዲልና እስከ 90 ዲግሪ እንዲታጠፍ ነው። እናቴ ስትታከም ተረከዟ ሥር ፌስታል አንጥፈን አልጋው ላይ ወደ ራሷ ታንሸራትተው ነበር። ሃይላንድ ላይ ውሃ አቀዝቅዘን በፎጣ ጠቅልለን እንይዝላታለን። ትራስ ጉልበት ሥር ማድረግ ግን አይፈቀድም፤ ይመቻል፣ ግን እግሩን ታጥፎ ያስቀረዋል። እኛ ለሁለት ቀን አድርገነው ነበር። ፊዚዮቴራፒስቷ አይታ ትራሱን አንስታ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፣ ምንም አላለችም።

ሦስት ወር ሲሞላ ብዙ ሰው ያለ ከዘራ ገበያ ይሄዳል። እብጠቱ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ቁጢጥ ማለት ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም፤ ስለዚህ ሽንት ቤቱ ላይ ከፍ ያለ መቀመጫ ማሠራት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው የሚታሰበው። መንበርከክ ተቀያሪውን ጉልበት አይሰብረውም፣ ሆኖም ብዙዎች አይመቸንም ይላሉ። ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ለታመመ ሰው ስግደት ግዴታ እንዳልሆነ ከንስሐ አባታቸው ይሰማሉ፣ መስጊድ ደግሞ ወንበር ላይ ሆነው የሚሰግዱ ዛሬ ብርቅ አይደሉም።

ቤታችን በርጩማው ጓዳ ገብቷል። ረከቦቱ ጠረጴዛ ላይ ወጥቷል፣ እናቴ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ነው የምታፈላው። ጎረቤቶች መጀመሪያ ሳቁ። አሁን ሁለቱ ረከቦታቸውን ጠረጴዛ ላይ አውጥተዋል፤ ጉልበታቸው ገና ምንም አላለም።