ጎልድ ፊልድ ምንድን ነው? (ውስጡ ወርቅ የለም)

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ያረጀ ሬይ ባን አቪዬተር የፀሐይ መነጽር ይዞልኝ መጣ። «ውስጡ በወርቅ የተሞላ ነው ተብዬ ነው የገዛሁት» አለኝ። ከዚያ ማጠፊያው አጠገብ ያለውን ቦታ በጥፍሩ አሳየኝ። በሞረድ ፍቆታል። ወርቁን ፍለጋ! ያገኘው ነጣ ያለ ብረት ነው። «ፎርጅድ ሸጡልኝ» ብሎ ተናደደ።

ፎርጅድ አልሸጡለትም። መነጽሩ እውነተኛ ነበር። ሞረዱ እስኪያርፍበት ድረስ ንጹሕም ነበር።

ይህን ነገር ለስንተኛ ጊዜ እንደሰማሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ጎልድ ፊልድ ማለት ተራ ብረት፣ አብዛኛውን ጊዜ መዳብ የገባበት ቅይጥ፣ በላዩ ላይ የካራት ወርቅ ሽፋን በሙቀትና በግፊት የተጣበቀበት ነው። ወርቁ ውጭ ነው። ውስጡ ወርቅ ሆኖ አያውቅም። እንዲሆንም ታስቦ አያውቅም።

ጥፋቱ የስሙ ነው። የእንግሊዝኛው ስያሜ (gold filled) ቃል በቃል ሲመለስ «በወርቅ የተሞላ» ይሆናል፤ ሰውም የሰማውን ያምናል። ደግሞ እኛ ሰምና ወርቅ የለመድን ሰዎች ነን። ሰሙ ላይ፣ ወርቁ ውስጥ። እዚህ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ወርቁ ላይ ነው፤ ፈልፍለህ የምታገኘው ተራውን ነው።

የሚያናድደኝ አማርኛ ለዚህ ነገር ድሮውንም ቃል ያለው መሆኑ ነው። ለበጠ እንላለን። የሙሴ ታቦት ከእንጨት ተሠርቶ በወርቅ ተለበጠ። እንጨቱ እንጨት መሆኑን ማንም እንደ ማታለል አልቆጠረውም። እኔም ጎልድ ፊልድን ልብጥ ወርቅ እለዋለሁ።

ይህን ስል ሌላኛው ወገን ይነሳል። «ያው ወርቅ ቅብ ማለት ነው፤ ምን ታካብዳለህ?» ይለኛል አንድ የማውቀው ሰው፤ ባገኘኝ ቁጥር። አንድ አይደለም። ሁለት ግድግዳ አስብ። አንዱ ቀለም የተቀባ ነው፤ ሌላው እብነ በረድ የለበሰ። ሁለቱም ውስጣቸው ብሎኬት ነው። ግን ወንበር ሲታከካቸው የሚሆነው አንድ አይደለም። ቀለሙ ይላጣል። እብነ በረዱ ጭረት ቢይዝ ጭረቱ ሥር ያለውም እብነ በረድ ነው።

ወርቅ ቅብ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። ፍሬሙ ፈሳሽ ውስጥ ይነከርና ወርቁ በስሱ ይያዝበታል። 2.5 ማይክሮን ከደረሰ በአሜሪካ ገበያ «ወፍራም ቅብ» ይባላል። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ልብጡ ግን ገና ከመጀመሪያው ሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። የብረት ዘንግ በወርቅ ቱቦ ይለበጣል፤ ይሞቃል፤ ይጫናል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ይያያዛሉ። ከዚያ እየጠበበ በሚሄድ ቀዳዳ እየተጎተተ ቀጭን ሽቦ ይሆናል። ውስጡም ልባሱም አብረው ይቀጥናሉ፤ ድርሻቸው ግን አይለወጥም። (የግድግዳው ምሳሌ እዚህ ላይ ትንሽ ያነክሳል። እብነ በረድ የለበሰ ግድግዳ ጎትቶ ያቀጠነ ሰው አላየሁም።) ልባሱ የክብደቱ አንድ አሥረኛ በሆነ፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ሽቦ ላይ ሳሰላው የልባሱ ውፍረት ወደ 25 ማይክሮን ይመጣል። ከወፍራሙ ቅብ አሥር እጥፍ መሆኑ ነው። «ያው» ነው ለሚለኝ ሰው መልሴ ይኸው ነው።

ወደ ግድግዳው ልመለስና፣ እብነ በረድ የለበሰ ግድግዳ ላይ መስኮት ብትቀድበት ምን ይታያል? ጠርዙ ላይ ብሎኬቱ ይታያል። ውኃም የሚገባው በዚያ ነው። መነጽሩም እንደዚያው ነው። ሽቦው የተቆረጠበት፣ ብሎን የገባበት፣ የተበየደበት ቦታ ላይ ተራው ብረት ከአየርና ከላብ ጋር ይገናኛል። አፍንጫ ላይ የሚያርፉት ፕላስቲኮች ሥር የምታየው አረንጓዴ ነገር ከዚያ የሚመጣ የመዳብ ዝገት ነው። ስላየኸው ብቻ መነጽሩን ሐሰተኛ አትበለው።

አሁን ቁጥሩን እንይ። ብዙ ጊዜ ድልድዩ ላይ፣ ማለትም ሁለቱን ሌንሶች የሚያገናኘው ክፍል ላይ፣ «1/10 12ኬ ጂኤፍ» ተብሎ ተቀርጾ ታገኛለህ። ኬ ካራት፣ ጂኤፍ ጎልድ ፊልድ ማለት ነው። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ነው፤ ስለዚህ 12 ካራት ግማሹ ወርቅ፣ ግማሹ ሌላ ብረት ነው። 1/10 ደግሞ ልባሱ ከጠቅላላው ብረት ክብደት አንድ አሥረኛ ነው ማለት ነው። ብረቱ 15 ግራም ቢመዝን ልባሱ 1.5 ግራም ነው፤ ከዚያ ውስጥ ንጹሑ ወርቅ 0.75 ግራም። ይህም ሌንሱን፣ ብሎኑንና የብየዳውን ብረት ሳይጨምር ነው። በዓመታት የተፋቀውንም አልቀነስኩም። እንግዲህ «በወርቅ የተሞላ» የሚለው ሻጭ ሞላ የሚለው ይህችን ነው። ሰብሳቢ ዋጋ የሚከፍለው ለወርቁ ሚዛን አይደለም። ጽሑፉ ሳይጠፋ፣ ሌንሱ ሳይጫር፣ ልባሱ ሳይሳሳ ለመቆየቱ ነው የሚከፍለው።

የልብጥ ወርቁ ሬይ ባን ምርት ቆሟል ስንልም ግልጽ ይሁን። አቪዬተር ዛሬም ይሸጣል። ሬይ ባንን በ1937 ለሕዝብ ገበያ ያወጣው ባውሽ ኤንድ ሎምብ፣ በኒው ዮርክ ግዛት የሮቸስተር ከተማ ኩባንያ ነበር። በ1999 የፀሐይ መነጽር ሥራውን፣ ሬይ ባንን ጨምሮ፣ ለጣሊያኑ ሉክሶቲካ በ640 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ልብጡን የአሜሪካ ሥራ ነው። የማሳቹሴትሱ አሜሪካን ኦፕቲካልም ለአብራሪዎች በሠራቸው መነጽሮች ላይ ይኸው የጂኤፍ ምልክት አለ፤ ግን ሁሌ የሚወራው ስለ ሬይ ባን ብቻ ነው። ያሳዝናል።

ጥቂት ነገር ልጨምር፤ ማንም ባይጠይቀኝም። ምልክቱ የሚናገረው ስለተቀረጸበት ክፍል ብቻ ነው። ጆሮ ላይ የሚውለው ዘንግ ተቀይሮ ከሆነ ድልድዩ ስለ ዘንጉ አይመሰክርም። 58፣ ከዚያ ትንሽ አራት ማዕዘን፣ ከዚያ 14 ተብሎ የተጻፈው የሌንሱና የድልድዩ ስፋት ነው፤ በሚሊ ሜትር። «የ1958 ሥራ ነው» ብሎ የተከራከረኝ ሰው አለ፤ ባለ 62ቱን ሳሳየው «እሱ የ1962 ነዋ» አለ። «አሪስታ» ደግሞ የወርቃማ መልክ ስም እንጂ የካራት ምስክር አይደለም። እንግሊዞች ልብጥ ወርቅን ሮልድ ጎልድ ይሉታል። አሜሪካ ውስጥ ግን ሮልድ ጎልድ ፕሌት ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ከ1/20 ያነሰ ልባስ ነው። ስለዚህ ቃሉን ብቻ ሳይሆን የተጻፈበትንም አገር እይ።

ማጽዳት? ለብ ያለ ውኃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ። በቃ። የብረት ማብረቂያ ቅባት አታስጠጋው። እኔ አንዴ፣ ገና ጀማሪ እያለሁ፣ ድልድዩን በቅባት አሽቼ አሽቼ እንደ መስታወት አበራሁት። ደስ ብሎኝ ማጉያ መነጽሩን ሳነሳ ከ«12ኬ» የቀረው «1» ብቻ ነበር።

የሰውዬው መነጽር አሁን እኔ ጋ ነው። ውስጡ ወርቅ የሌለው ነገር አልፈልግም ብሎ ጥሎልኝ ሄደ። ሞረዱ ያረፈበት ቦታ ሩዝ ፍሬ ያህላል። ማጉያ ሳደርግበት ጠርዙ ላይ ቢጫው መስመር ይታያል፤ ቀጭን ነው፣ ግን ዙሪያውን አልተቋረጠም። መሐሉ አረንጓዴ መያዝ ጀምሯል። በየሳምንቱ እጠርገዋለሁ።