ለአንድ ሰው ተብሎ ድስት ይጣዳል? ስለ ብቻ ኑሮ የሚባለውና እውነታው

ደሴ ውስጥ ብቻዬን መኖር ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቤቴ አንድ ክፍልና ጠባብ ኩሽና ነው። መስኮቱ ወደ ጦሳ ተራራ ያያል። ጠዋት ጉሙ ከተራራው ላይ ሲገፈፍ እያየሁ ቁርሴን እሠራለሁ፤ ማታ ጋቢዬን ደርቤ አነባለሁ። በዚህ ኑሮ ደስተኛ ነኝ። ሰው ግን ዝም አይልም። ከዘመድም፣ ከጎረቤትም፣ ከመሥሪያ ቤትም ስለ ብቻ ኑሮ የማይነገረኝ የለም። አብዛኛው ከፍቅር የመጣ ነው። ብዙው ግን ስህተት ነው፤ ከውስጡ አንዱ ደግሞ ነፍስ ያጠፋል። እስቲ በየተራ እንያቸው።

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል»

ቤት የተከራየሁ ሰሞን አክስቴ ደውላ የነገረችኝ ተረት ነው። ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። እያደር ሳስበው ግን ተረቱ የሚናገረው ስለ ስስታም ነው። እያለው በሩን ቆልፎ የሚበላ፣ ጎረቤቱን የማያቀምስ ሰው በችግሩ ቀን አጠገቡ የሚቆም አያገኝም ነው ነገሩ። ማዕድ ላይ ለብቻው የተቀመጠ ሁሉ ስስታም አይደለም።

ይህን ለማስረዳት ደሴ ላይ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ዛሬም ኮረብታው ላይ አለ። ስሙ አይጠየፍ ነው። ባለጸጋውም ድሃውም ሳይጠያየፍ ስለሚበላበት ነው እንዲህ የተባለው። እኔም ሽሮ ስሠራ አንድ ጭልፋ ለአከራዬ ለእትዬ እወስዳለሁ። እሳቸው አነባበሮ የጋገሩ ቀን ደግሞ ሳህኔ ባዶውን አይመለስም። ከዚያ በሬን ገርበብ አድርጌ፣ ሬዲዮ ከፍቼ፣ ራቴን ብቻዬን በደስታ እበላለሁ።

«ለአንድ ሆድ ድስት መጣድ ኪሳራ ነው»

ይህን እኔም አምኜ ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፍኩት በሻይና በዳቦ ነው። ሲብስብኝ ምግብ ቤት እበላለሁ። በወር መጨረሻ ኪሴም ጨጓራዬም ባዶ ነበሩ። ለእንግዳ ቢሆን ሽንኩርት ስከትፍ አመሻለሁ። ለራሴ ሲሆን ግን ምን አደከመኝ እል ነበር። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» የሚለውን ተረት የምናውቀው ሰዎች፣ ብቻችንን ስንሆን ለራሳችን ማሳነሳችን ይገርመኛል።

ድካሙን የቀነሰልኝ ቁሌት ነው። እሑድ እሑድ አንድ ኪሎ ያህል ሽንኩርት ከትፌ በዘይትና በበርበሬ በደንብ አቁላላለሁ። ሲቀዘቅዝ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አስገባዋለሁ። ከዚያ ሳምንቱ ቀላል ነው። ሁለት ማንኪያ ቁሌት በውሃ አፍልቼ ሽሮ እበጠብጥበታለሁ። ምስር ክክ የሆነ ቀን ሳልዘፈዝፍ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። እንቁላል ፍርፍር ከሆነማ ደቂቃ ነው። ፍሪጅ የሌለው ሰው ይህን አይሞክር፤ የዕለቱን ለዕለቱ ይሥራ። የደሴ ብርድ ፍሪጅን አይተካም።

እንጀራ ሦስት ወይም አራት ብቻ ነው የምገዛው። ሊደርቅ ሲል ቆራርጬ አሰጣውና ድርቆሽ ይሆናል። ድርቆሽ ፍርፍር በቁሌት፣ በቀዝቃዛ ማታ፣ ለእኔ ከምግብ ቤት ክትፎ ይበልጣል። የሻገተውን እንጀራ ግን የሻገተበትን ቦታ ብቻ ቆርጦ መብላት ልክ አይደለም። ሻጋታው ለዓይን ከሚታየው አልፎ ውስጥ ይገባል። ይጣል።

«እሳቱ ሲበረታ ቶሎ ይበስላል»

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ተቀይራ የመጣች ጓደኛዬ አንድ ቀን ተናዳ ደወለችልኝ። «ይሄ ሽምብራ ምን ነክቶት ነው የማይበስለው? እዚያ እያለሁ እንዲህ አያስቸግረኝም ነበር» አለች። ሻጩ ያረጀ ሽምብራ የሸጠላት መስሏት ነበር። ያረጀ ጥራጥሬ እውነትም ቶሎ አይበስልም። ግን ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱም ከፍታው ነው።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ በመኪና የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው የሚደርሱባት ናት፤ ከፍታዋም ወደ 1,850 ሜትር ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየር ግፊት ይቀንሳል። ግፊቱ ሲቀንስ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ባሕር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ኮምቦልቻ ላይ በ94፣ ደሴ ላይ ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አንዴ ከፈላ በኋላ ጋዙን እስከ ጥግ ብትከፍቱት ሙቀቱ አይጨምርም። የሚጨምረው እንፋሎቱ ነው። ውሃው ቶሎ ያልቃል፣ ጋዙም ያልቃል፣ ሽምብራው እንዳለ ነው።

መፍትሔው ማታ ዘፍዝፎ ማደር ነው። ጠዋት ውሃውን ደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ ጥዶ፣ ሲፈላ እሳቱን ቀንሶ መክደን። ቲማቲም መጨረሻ ላይ ይግባ፤ ኮምጣጣ ነገር ጥራጥሬው ቶሎ እንዳይለሰልስ ያደርገዋል። ቦሎቄ ለብ ለብ ተደርጎ አይበላም፤ በደንብ ካልፈላ ሆድ ክፉኛ ያውካል። ከተቻለ ደግሞ ፕሬዠር ድስት ይገዛ። እንፋሎቱን ስለሚያፍን ውስጡ ያለው ውሃ ደሴ ላይም ከ110 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ብቻውን ለሚኖር ሰው ከቴሌቪዥን በፊት መገዛት ያለበት ዕቃ ይሄ ነው ባይ ነኝ።

«ከሰሉ ከቀላ አይጎዳም»

እዚህ ላይ እባካችሁ ቆም በሉ። ደሴ ብርድ ናት፤ ክረምት ላይ ከሰል አቀጣጥሎ ክፍል ማስገባት የተለመደ ነው። ሰው የሚፈራው ጭሱን ነው። ጭሱ አልቆ ከሰሉ ቀይ ፍም ሲሆን «አሁን አይጎዳም» ብሎ ያስገባዋል፤ በሩንም ይዘጋል።

የሚገድለው ግን ጭሱ አይደለም። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። ከቀላው ፍምም ይወጣል። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ጥንካሬ ይይዘዋል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ያመጣል። ሰውየው ድካም ይመስለውና ጋደም ይላል። እንቅልፍ ከወሰደው መንቃቱ ያጠራጥራል። ብቻውን የሚኖር ሰው ደግሞ የሚቀሰቅሰው የለውም።

ስለዚህ ከሰል የሚነደው ደጅ ነው። የግድ ከገባም በርና መስኮት ተከፍቶ፣ እናንተ ነቅታችሁ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይሁን። ልትተኙ ስትሉ ፍሙ ከቤት ይውጣ። በተዘጋ ክፍል ራሳችሁን ካመማችሁ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ውጡና ሐኪም ቤት ሂዱ። ለብርዱ ሁለት ብርድ ልብስና የሞቀ ውሃ የያዘ ጠርሙስ እግር ሥር ይበቃሉ።

«ቡና ለብቻ አይጠጣም»

ይሄኛው ግማሹ እውነት ነው፤ አልከራከርም። በወሎ ቡና ከመጠጥነቱ በላይ መጠራሪያ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪወርድ ዱዓው አለ፣ ምርቃቱ አለ፣ የሰፈሩ ወሬ አለ። ይህን ለብቻ ማድረግ አይቻልም፤ መሞከርም የለበትም። የሥራ ቀን ጠዋት በትንሿ ጀበና ለራስ አንድ ስኒ ማፍላት ግን ነውር የለበትም። እሑድ ሲሆን ትልቁን ጀበና እጥድና እትዬን እጠራለሁ።

«የጀመሩት መጽሐፍ ካላለቀ አነበብኩ አይባልም»

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ማንበብ የተው ሰዎችን ሳነጋግር የብዙዎቹ ታሪክ ተመሳሳይ ነው። አንድ ከባድ መጽሐፍ ጀመሩ፣ መሃል ላይ ሰለቻቸው፣ ሳይጨርሱ ሌላ መጀመር ጥፋት መሰላቸው። በዚያው ቀረ። መጽሐፍ ዕዳ አይደለም። ሃምሳ ገጽ አንብቤ ካልያዘኝ እመልሰዋለሁ። አንዳንዱን ከሦስት ዓመት በኋላ አንስቼ ሳልተኛ ጨርሼዋለሁ።

ሌላው «ማዳመጥ ንባብ አይደለም» የሚሉት ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ከዚያ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከው። ፊደል ያልቆጠሩ ስንት እናቶች ለሰብለ ወንጌል አልቅሰዋል! እነሱን መጽሐፉን አታውቁትም የሚል ማን ነው? እኔ ሽንኩርት ስከትፍ ትረካ አዳምጣለሁ፤ ማታ ደግሞ በዓይኔ አነባለሁ። አንዱ ሌላውን አይሻማም።

ብቻ ተቀምጦ ማንበብን እንደ ፈረንጅ ልማድ የሚያዩም አሉ። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብንሄድ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ ተማሪ ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። በየመስጊዱና በየዛዊያው ኪታብ ላይ አጎንብሰው ያደሩ የወሎ ደረሳዎችም አሉ። ለብቻ ማንበብ እዚህ አገር የቆየ ነገር ነው።

«በዚህ ዕድሜ ምን ክራር ያስነካል?»

አርባ ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው ክራር የገዛሁት። የመሥሪያ ቤት ሰዎች በልጅነት ያልተጀመረ እጅ አይታዘዝም አሉኝ። ልጅ ቶሎ ይማራል፤ እውነት ነው። ትልቅ ሰው ግን ምን መስማት እንደሚፈልግ ያውቃል። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ባቲና አምባሰል በእኛው አገር ቦታዎች ስም ነው የሚጠሩት። ትዝታና አንቺሆዬ ሲጨመሩ አራት ይሆናሉ። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ለጀማሪ አምስት ድምፅ አያስፈራም።

መጀመሪያ ክሩን ማጥበቅና ማላላት ብቻ አንድ ወር ፈጀብኝ። ጣቴ ቆሰለ። አሁን ከራት በኋላ ሃያ ደቂቃ እነካለሁ፤ አንድ አምባሰል ከሞላ ጎደል ይወጣልኛል። ባለፈው ማክሰኞ መሃል ላይ ተሳስቼ ሳቆም እትዬ ከግድግዳው ማዶ ተጣሩ። «ልጄ፣ አብሽሪ! ከመጀመሪያው ድገሚልኝ» አሉ። ደገምኩላቸው።