የደላው ሙቅ ያኝካል፦ ስንት ብር ሲገባ ነው «ደላው» የሚባለው?

ሙቅ አይታኘክም። ይጠጣል። የገብስ ወይም የአጃ ዱቄት በውሃ ይበጠበጣል፣ እሳት ላይ እየተማሰለ ይበስላል፣ ከዚያ ትኩስ ትኩሱን በኩባያ ይቀርባል። ማር ወይም ቅቤ ጠብ ካለበት ደግሞ ጉሮሮ ላይ እንኳን ሳይቆም ይወርዳል። ለጥርስ የሚተርፍ ሥራ የለውም። ታዲያ ይህን ቁጭ ብሎ የሚያኝክ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? የሚያጣድፈው ነገር የሌለው ሰው ነዋ!

«የደላው ሙቅ ያኝካል» የምንለው ለዚህ ነው። ምቾት በዝቶበት የማያስፈልግ ነገር ለሚያደርግ፣ ትንሹን ነገር ለሚያካብድ፣ ሌላው በችግር ሲጠበስ እሱ ስለ ቅንጦት ለሚጨነቅ ሰው ይወረወራል። የቤት ኪራይ አንገቱን ለያዘው ጓደኛህ «የሳሎኔ መጋረጃ ከሶፋው ጋር አልሄደልኝም» ብለህ ብታማርረው የምታገኘው መልስ ይኸው ነው። ስድብ አይደለም። ግን ይቆነጥጣል።

ተረቱ ከየት እንደበቀለ ለማየት የገበሬን ቤት ጠዋት ማሰብ በቂ ነው። ዝናቡ ጥሎ መሬቱ ለእርሻ ሲመች ማንም ቁርሱን ሲያጣጥም አይውልም። በሬው ይጠመዳል፣ ቆሎው እየተቆረጠመ መንገድ ይጀመራል፣ በሶው በጥድፊያ ይበጠበጣል። ሙቅ ቢገኝም ግጥም አድርጎ መነሳት ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሙቅ የሚያኝክ ሰው ካለ፣ በእሱ ፈንታ ሌላ ሰው እያረሰለት ነው ማለት ነው።

አንድ ልዩ ጊዜ ግን አለ፤ የአራስ ቤት። ድሃም ብትሆን አራስ ገንፎዋና ሙቋ ይቀርብላታል። ጎረቤት ይመጣል፣ ውሃ ይቀዳላታል፣ እንጨት ይለቀምላታል። ወንድ ከሆነ በአርባ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀን ክርስትና እስኪነሳ ድረስ «አርፈሽ ተኚ» ትባላለች። በብዙ እናቶች ሕይወት ውስጥ ሙቅ ለማኘክ ፋታ የተገኘው ያኔ ብቻ ነው። በእነዚያ ሳምንታት የቤቱ ገቢ ምንም አልጨመረም። የጨመረው የሚያግዝ እጅ ነው።

እኔን የሚገርመኝም ይህ ነው። ተረቱ ሀብታምን የሚለካው በሚገባው ሳይሆን በሚተርፈው ነው፤ ከእህልም፣ ከጊዜም፣ ከሐሳብም። በገጠርም «ያለው» የሚባለውን ቤት ለመለየት ገቢውን የሚጠይቅ ሰው የለም። ጥማድ በሬ ያለው በፈለገው ቀን ያርሳል። አንድ በሬ ያለው ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ተራውን ይጠብቃል። ምንም የሌለው መሬቱን ለሌላ ሰጥቶ ምርቱን ይካፈላል። እውነተኛው ፈተና ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይመጣል። ያለፈው ዓመት እህል የሚሟጠጠው፣ አዲሱም ገና ማሳ ላይ ያለው ያኔ ነው። ጎተራው ያን ጊዜ ካላለቀ፣ ያ ቤት ደልቶታል።

ከተማ ሲገባ ነገሩ ይወሳሰባል። እዚህ መንግሥትም የራሱ መለኪያ አለው። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከፍተኛው 35 በመቶ ግብር የሚጀምረው ከ10,900 ብር በላይ ከሆነው የወር ደመወዝ ላይ ነበር። ያኔ አንድ ዶላር 22 ብር ገደማ ስለነበር ይህ ወደ 500 ዶላር ይጠጋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ ለገበያ ተለቀቀ፣ ብርም ክፉኛ ወረደ። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የጸደቀው ማሻሻያ መነሻውን 14,000 ብር አደረገው። ይህ በጊዜው ምንዛሬ 100 ዶላር ገደማ ነው። በአዋጁ መሠረት እንግዲህ በወር 15,000 ብር የሚያገኝ አስተማሪ ከላይኛው እርከን ላይ ተቀምጧል። ሂድና «ደላህ» በለው! ግብር የሚቆረጥበት መጠን ሌላ፣ የሚደላው መጠን ሌላ።

ደመወዙ አንድ ሆኖ እንኳን ኑሮው አንድ አይደለም። አንድ ቢሮ ውስጥ እኩል የሚከፈላቸው ሁለት ሠራተኞች አሉ እንበል። አንዷ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶላት በራሷ ቤት ትኖራለች። ሌላው ተከራይ ነው፣ አከራዩ በደወለ ቁጥር ልቡ ይደነግጣል። መስከረም ሲጠባ የልጆች ክፍያ፣ ዩኒፎርም፣ የእንቁጣጣሽ በግ፣ መስቀል፣ ሁሉም ተደራርቦ ይመጣል። እሷ የዕቁቧን ብር ለዚያ አታስነካም። እሱ ዕቁቡ ገና ሳይወጣለት ተበድሮበታል። የደመወዝ ወረቀታቸውን ብቻ ያየ ሰው አንድ ናቸው ይላል።

ውጭ አገር ያለውም ወገን ከዚህ አያመልጥም። አሜሪካ ውስጥ ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል ከአገሩ የመካከለኛ ቤተሰብ ገቢ (ግማሹ ቤት ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች የሚያገኝበት ማለት ነው) እጥፍ በላይ የሚያገኘውን ቤት ከላይኛው መደብ ይቆጥረዋል፤ የቤተሰቡን ብዛትና የአካባቢውን የኑሮ ውድነትም ያሰላል። በ2023 እ.ኤ.አ. የመካከለኛው ቤተሰብ የዓመት ገቢ 80,610 ዶላር ነበር። እጥፉ 161,000 ዶላር ገደማ ይሆናል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ባልና ሚስት እዚያ ደረሱ እንበል። እሷ ሌሊት ሆስፒታል ትሠራለች፣ እሱ ቀን መኪና ይነዳል፣ ልጃቸውን የሚረካከቡት በር ላይ ነው። የቤቱ ብድር፣ የሞግዚት ክፍያ፣ አገር ቤት የሚላከው ብር አለ። አገር ቤት ያለው ዘመድ «እነሱማ ደልቷቸዋል» ይላል። እነሱ ግን እንኳን ሙቅ ሊያኝኩ ቡናቸውን የሚጠጡት መሪ ይዘው ነው።

ተረቱ ሁልጊዜ ወደ ሌላ ሰው ይወረወራል። ሥራ የሌለው ለደመወዝተኛው፣ ደመወዝተኛው ለነጋዴው፣ ነጋዴው ደግሞ ሕንጻ ላለው። ስለ ራሱ «እኔ ደልቶኛል» የሚል ሰው እምብዛም አይገኝም። ዓይን ይፈራል፣ ግብር ይፈራል፣ ብድር ጠያቂ ዘመድ ይፈራል። ኑሮ እንዴት ነው ሲባል ሀብታሙም «ተመስገን፣ ከእጅ ወደ አፍ ነው» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ የቤቱን ትክክለኛ አቅም ከአፍ መስማት ከባድ ነው። ሰዎች ገቢህን ከመጠየቅ ይልቅ ምን እንደሚያስጨንቅህ የሚያደምጡትም ለዚህ ይመስለኛል።

አጠቃቀሙ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ለጓደኛና ለእኩያ ይሠራል፣ ለወንድም ለእህትም ይሆናል። ለታላቅ ወይም ለአለቃ በፊት ለፊት አይባልም። ሐዘን ወይም ሕመም ላለበት ሰውም አይባልም፤ ሀብት ቢኖረውም። የተባለበት ሰው ካልተዋጠለት መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ደልቶኝ መሰለህ?» ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው የልብ ወሬ የሚጀመረው፤ የኪራዩም፣ የዕዳውም፣ የልጁም ትምህርት ቤት።