ሪኮታ ምንድን ነው? በጅማ አይብስ የአልሞንድ ኬክ ይወጣል?

ሪኮታ የጣሊያኖች አይብ ነው። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ጨው ያልበዛበት፣ ሳይከርም የሚበላ። የስንዴ ዱቄትና ስኳር ሳይገባበት በተፈጨ አልሞንድ በሚጋገረው ኬክ ውስጥ ርጥበቱን የሚሰጠው እሱ ነው። ጅማ ላይ ሪኮታ የሚል ዕቃ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ከመዞር ግን ሂርማታ ገበያ ወርዶ አይብ መግዛት ይቀላል። ሁለቱ አንድ ናቸው ወይ? አይደሉም። የሚለያዩበትን ነገር ያወቀ ሰው ግን አንዱን በሌላው መተካት ይችላል፤ ሳያውቅ የተካ ሰው ታቹ የረጠበ፣ መሐሉ የሰመጠ ኬክ ያወጣል።

አይብ የሚወጣው ከአሬራ ነው። ወተቱ ይረጋል፣ እርጎው ይናጣል፣ ቅቤው ይነሳል፤ የቀረው አሬራ ለዘብ ባለ እሳት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ሙቀት ይቋጠርና አጓቱ ይጠለላል። ስቡ ቀድሞ ከቅቤው ጋር ስለሄደ በአይቡ ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ነው። ከ100 ግራም አይብ 79 ግራም ያህሉ ውሃ፣ 15 ግራም ያህሉ ፕሮቲን ሲሆን ስቡ 2 ግራም አይሞላም።

የሪኮታ ሥራ የሚጀምረው ደግሞ አይብ ሠሪው ከጨረሰ በኋላ፣ ከአጓቱ ነው። ሞዛሬላን የመሰለ አይብ ተሠርቶ የተረፈው አጓት ውስጥ ገና ያልተቋጠረ ፕሮቲን አለ። ዋናው የወተት ፕሮቲን፣ ኬዚን የሚባለው፣ ወተቱ ሲኮመጥጥ ይረጋል። የአጓቱ ፕሮቲን ግን መኮምጠጥ ብቻውን አያረጋውም፤ ጠንከር ያለ ሙቀት ይፈልጋል። አጓቱ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሲደርስና ትንሽ ኮምጣጣ ነገር ሲገባበት ፕሮቲኑ ተያይዞ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ያኔ ይጨለፋል። በዚህ ሙቀት የረጋ ፕሮቲን ውሃን አጥብቆ ይይዛል። ሪኮታ ርጥብ ሆኖ ሳለ ምድጃ ውስጥ ውሃውን ቶሎ የማይለቀው በዚህ ምክንያት ነው። አይብ ሲጋገር ውሃውን ለቆ ራሱ ፍርፍር ይላል፤ የኬኩ ጣጣ ሁሉ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እንግዲያስ የአይባችንን አጓት አሙቀን ሪኮታ ብናወጣስ? አይመከርም። አሬራው አስቀድሞ ስለኮመጠጠ የሚገኘው ጥቂት፣ አሸዋ አሸዋ የሚልና የሚጎመዝዝ ነው፤ ለአንድ ኬክ የሚበቃ አይሆንም። የተሻለው መንገድ ከሙሉ ወተት መሥራት ነው። 2 ሊትር ትኩስ ወተት በወፍራም ድስት ታቹ እንዳያር እያማሰሉ እስከ 88 ዲግሪ ያሙቁ። ቴርሞሜትር ከሌለ ዳር ዳሩ ትንንሽ አረፋ ሲያወጣና እንፋሎቱ ሲበረታ ማለት ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ ለመገንፈል የቀረው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ከድስቱ አጠገብ አይራቁ። እሳቱን አጥፍተው 4 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይጨምሩ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ያማስሉና ይተዉት። አሁንም አሁንም ማማሰል የተቋጠረውን ያደቅቀዋል። ከ10 ደቂቃ በኋላ በሻሽ ላይ ገልብጠው ለ1 ሰዓት ያጥልሉት። ከ350 እስከ 400 ግራም ይወጣዋል። በካርቶን ታሽጎ ወራት የሚቆየው ወተት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በፋብሪካ ያለፈበት ከፍተኛ ሙቀት በደንብ እንዳይቋጠር ያደርገዋል።

አይቡን ወደ ሪኮታ ማስጠጋት

ወተቱ ከተወደደ ወይም ጊዜ ካጠረ አይቡ ይሠራል፤ ሦስት ነገር ግን ማስተካከል ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ምርጫው። ጤና አዳም ወይም ቅመም ያልገባበት፣ የዕለቱ አይብ ይሁን። ወተቱ የተናጠበት ዕቃ በወይራ ታጥኖ ከሆነ ጢሱ አይቡ ላይ ይቀራል። ለጎመን መልካም ነው፤ ከሎሚ ልጣጭ ጋር ግን ይጣላል። ሲገዙ ማሽተትና ቆንጠር አድርጎ መቅመስ ነውር የለውም።

ቀጥሎ ውሃው። ከሙሉ ወተት የተሠራ ሪኮታ ውስጥ ያለው ውሃ ከመቶ 72 ያህል ነው፤ አይቡ ደግሞ 79። ይህችን ልዩነት ለማጥፋት 350 ግራም አይብ በሻሽ ጠቅልለው ወንፊት ላይ ያስቀምጡ፤ ክብደት ጭነውበት 250 ግራም እስኪቀር ይጠብቁ። ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በደንብ ተጠልሎ የመጣ ከሆነ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ዋናው ሚዛኑ ነው። 100 ግራም ውሃ ከወጣ የቀረው አይብ የውሃው መጠን ወደ ሪኮታው ይመጣል። እዚህ ላይ በግምት መሥራት ኬኩን ያስከፍላል።

ሦስተኛው ስቡ ነው። 250 ግራም ሪኮታ 32 ግራም ያህል ስብ አለው፤ የኛው አይብ 6 ግራም። ስለዚህ የተጠለለውን አይብ በደቃቅ ወንፊት አሳልፈው 30 ግራም ለስለስ ያለ የገበታ ቅቤ ያዋህዱበት። ንጥር ቅቤ አይሆንም፤ ኮሰረቱና አብሹ ኬኩን ወጥ ወጥ ያሰኘዋል። ወንፊቱን መዝለል የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። ያልደቀቀ አይብ ግን ምድጃ ውስጥ አይሟሟም፤ የተቆረጠው ኬክ ውስጥ ነጭ ጓል ሆኖ ይታያል። አይቡ ጎምዘዝ ካለ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ያለዝበዋል።

ዱቄት የሌለው ኬክ በምን ይቆማል?

የስንዴ ዱቄት ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ውሃ ይመጥጣል፣ ግሉተን በሚባለው ፕሮቲኑም ኬኩን ያቆማል። የተፈጨ አልሞንድ ሁለቱንም በቅጡ አይሠራም። ግማሽ ያህሉ ስብ ስለሆነ ውሃ አይመጥጥም፤ ግሉተን ደግሞ ጭራሹን የለውም። ኬኩን የሚያቆመው እንቁላል ብቻ ነው። የእንቁላሉ መጠንና አመታቱ እንደ ስንዴ ኬክ የማይዋዛበት ምክንያት ይኸው ነው።

አልሞንዱ ከውጭ የሚመጣና ውድ ነው። ገበያ ላይ ለውዝ ብለው ቢጠይቁ የሚመዘንልዎ ኦቾሎኒ ስለሆነ አልሞንድ ብለው ይጠይቁ። ካልተላጠ የፈላ ውሃ ውስጥ 1 ደቂቃ ነክረው ልጣጩን በጣት ገፋ ሲያደርጉት ይወጣል። ከዚያ የሚቀረው ማድረቁ ነው፤ ጅማ ክረምቱ ረጅም፣ አየሩም ርጥብ ስለሆነ ሌሊቱን ትሪ ላይ ማደር ብቻውን አይበቃውም። 100 ዲግሪ በሆነ ምድጃ ውስጥ 20 ደቂቃ አቆይተው ሙሉ ለሙሉ ያቀዝቅዙት። ትኩስ ወይም ርጥብ ሆኖ የተፈጨ ዱቄት አይሆንም፣ ወደ ቅቤነት ይቀየራል። ከማጣፈጫው 1 የሾርባ ማንኪያ አብረው ጨምረው መፍጫውን እያስነሱና እያቆሙ ይፍጩት።

ዋጋው ለከበደበት ግማሹን በኦቾሎኒ መተካት ይቻላል፤ ካርቦሃይድሬቱ ብዙም አይራራቅም፣ ጣዕሙ ግን ይጎላል። ኦቾሎኒ ሲለቅሙ የሻገተውን፣ የተጨማደደውንና መራራውን ይጣሉ። ርጥበት ባለበት አገር የሚበቅለው ሻጋታ የሚተወው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ በኬክ ምድጃ ሙቀት አይጠፋም።

ማጣፈጫውና ማሩ

በጅማ ዙሪያ፣ በለጠና ጌራ በሚባሉት ደኖች ማር ሞልቷል፤ ስኳር አልባ ኬክ በማር ጣፍጦ ማየትም የተለመደ ነው። ማር ግን ከመቶ 80 ያህሉ ስኳር ነው። ቴምርም ያው ነው። ኬኩ በማር ከተሠራ ጥሩ የማር ኬክ ይባል፣ ለስኳር ሕመምተኛ ግን የተለየ ነገር ተደርጎ አይቅረብ።

ለዚህ ኬክ የምንመርጠው ኤሪትሪቶል የሚባለውን የስኳር ምትክ ነው። ጣፋጭነቱ ከስኳር ከመቶ 60 እስከ 70 ያህል ሲሆን እንደ ስኳር መጠን ስላለው የሊጡን ክብደት አያጎድልም፤ የደም ስኳርንም እንደ ስኳር አያነሳም። ችግሩ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይጠጥራል፤ በደቃቁ ካልተፈጨ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል፣ ምላስንም ቀዝቀዝ ያደርጋል። ከቅጠል የሚወጣው ማጣፈጫ ስቴቪያ ከስኳር ከ200 እጥፍ በላይ ስለሚጣፍጥ ቁንጥር ይበቃል፣ ሲበዛ ይመርራል። ያለ ኤሪትሪቶል ስቴቪያ ብቻ ከገባ የጎደለውን መጠን ለመሙላት 20 ግራም አልሞንድ ይጨመር። አስፓርቴም ያለባቸው እንክብሎች ሲጋገሩ ጣዕማቸውን ያጣሉ፤ ለሻይ ይቆዩ። ማልቲቶል የገባበት ዕቃ "ስኳር የሌለው" ተብሎ ቢሸጥም ከስኳር ባነሰ መጠን የደም ስኳር ያነሳልና ጀርባውን ያንብቡ።

መጠኑ

ለ20 ሳንቲሜትር ክብ መጋገሪያ፣ 10 ቁራጭ፦

የተፈጨ አልሞንድ 200 ግራም
ሪኮታ ወይም የተስተካከለ አይብ 250 ግራም
የገበታ ቅቤ 100 ግራም (ለአይቡ ከገባው ሌላ)
ደቅቆ የተፈጨ ኤሪትሪቶል 120 ግራም
እንቁላል 4፣ ያለ ቅርፊቱ 200 ግራም
የ2 ሎሚ ልጣጭ፣ ቢጫው ወይም አረንጓዴው ብቻ ተፍቆ
ቤኪንግ ፓውደር ግማሽ የሻይ ማንኪያ
የተፈጨ ኮረሪማ ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ጨው ቁንጥር

የሐበሻ እንቁላል ትንሽ ስለሆነ 5 ወይም 6 ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሚዛኑ ይፍረድ። ኮረሪማው የዚሁ የደቡብ ምዕራብ ደን ፍሬ ነው፤ በጠርሙስ ከሚሸጠው ቫኒላ ይልቅ ከአልሞንድ ጋር ይስማማል ባዮች ነን። ሲበዛ ግን ሎሚውን ይውጠዋል።

ሁሉም ነገር ከማቀዝቀዣ ወጥቶ የቤቱን ሙቀት ይያዝ። ቀዝቃዛ አይብ የተመታ ቅቤ ላይ ሲያርፍ ቅቤው ይጠጥርና ሊጡ የተበጣጠሰ ይመስላል። ቅቤውንና ኤሪትሪቶሉን እስኪነጣ 4 ደቂቃ ያህል ይምቱ፣ አስኳሎቹን አንድ በአንድ ይጨምሩ፣ ከዚያ ሪኮታውንና የሎሚ ልጣጩን። አልሞንዱን፣ ቤኪንግ ፓውደሩን፣ ኮረሪማውንና ጨውን ደባልቀው ያስገቡ። የእንቁላሉን ነጭ ስብ ባልነካው ዕቃ ለብቻው ይምቱት። መምቻው ሲነሳ ጫፉ ጎንበስ ሲል ይቁም። የአየሩ ግፊት በጅማ ከፍታ ከባሕር ዳርቻው በአምስተኛ ያህል ስለሚያንስ አረፋው ምድጃ ውስጥ አብዝቶ ይለጠጣል፤ ቀጥ ብሎ እስኪቆም የተመታ ነጭ መጀመሪያ ይነፋል፣ በኋላ ይሰምጣል። ቤኪንግ ፓውደሩም በዚሁ ምክንያት ግማሽ ማንኪያ ላይ ቆሟል። ነጩን በሦስት ጊዜ፣ ከታች ወደ ላይ እያነሱ ያዋህዱ።

ታቹ ወረቀት በተነጠፈበት መጋገሪያ በ165 ዲግሪ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ይጋገር። አልሞንድና ወተት ቶሎ ስለሚጠቁሩ ከ30 ደቂቃ በኋላ ላዩን በፎይል ይሸፍኑ። ስንጥር ሲያስገቡ ሙሉ በሙሉ ደርቆ እንዲወጣ አይጠብቁ፤ ትንሽ ርጥብ ፍርፋሪ ይያዝ እንጂ ፈሳሽ አይኑረው። መብራት ቢጠፋ በሩን አይክፈቱ። ሰዓቱ ካጋመሰ በተጠራቀመው ሙቀት የመብሰል ዕድል አለው፤ ገና በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ከሆነ ግን መስመጡ አይቀርም።

ምድጃ የሌለው ወፍራም ትልቅ ድስት ውስጥ የብረት መቀመጫ አድርጎ፣ ድስቱን ባዶውን 10 ደቂቃ አሙቆ በትንሽ እሳት 1 ሰዓት ያህል ይጋግረዋል። ክዳኑ በጨርቅ ይጠቅለል፤ አለበለዚያ እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ኬኩ ላይ ይንጠባጠባል። ላዩ ነጣ ብሎ ይቀራል፣ ጣዕሙ አይጎድልም።

ትኩሱን የሚገለብጥ ሰው ኬኩን ለሁለት ከፍሎ ያወጣዋል፤ የሚይዘው ግሉተን የለምና። በመጋገሪያው ውስጥ እንዳለ ሙሉ ለሙሉ ይቀዝቅዝ፣ ከተቻለም ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደር። በማግስቱ ሲቆረጥ ጠርዙ የጠራ ነው። መሐሉ በትንሹ መውረዱ የዚህ ኬክ ጠባይ ነው። ታቹ ላይ እንደ ገንፎ የሚለጠፍ ንብርብር ካለ ግን ጥፋቱ የአይቡ ውሃ ነው፤ ምድጃው ውስጥ ተጨማሪ ጊዜ ማቆየት አያድነውም።

በአንድ ቁራጭ ስንት ነው?

በ200 ግራም አልሞንድ ውስጥ 43 ግራም ካርቦሃይድሬት አለ፣ ከዚህ 25 ግራሙ አሰር (ፋይበር) ነው። ሪኮታውና እንቁላሉ 10 ግራም ገደማ ይጨምራሉ። አሰሩና ኤሪትሪቶሉ ሳይቆጠሩ ለጠቅላላው ኬክ 28 ግራም፣ ለአንዱ ቁራጭ 3 ግራም ያህል ይደርሳል። 200 ግራም የስንዴ ዱቄትና 200 ግራም ስኳር የገባበት ተራ ኬክ በ10 ሲቆረጥ ቁራጩ 35 ግራም ይይዛል። ካሎሪው ግን አልቀነሰም፤ በአልሞንዱና በቅቤው ምክንያት አንዱ ቁራጭ 260 ገደማ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው መጠኑን የሚያስተካክለው ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ነው።

በማቀዝቀዣ ተከድኖ 4 ቀን ይቆያል፤ በጅማ ርጥበት ጠረጴዛ ላይ ማሳደር አይገባም። ላዩን በአይብ ክሬም ማስጌጥ የሚፈልግ ካለ ከላይ እንደተባለው ወተቱ ሞቆ የተሠራውን ሪኮታ ይጠቀም። የገበያ አይብ ብዙ ጊዜ ካልተፈላ ወተት የሚመጣ ስለሆነ፣ የተሠራበት ሙቀትም ተህዋስ ለመግደል ስለማይበቃ፣ ቦታው የሚጋገረው ሊጥ ውስጥ ነው።