በሰው ሀገር ቤት የተከራየ ጡረተኛ አድራሻውን ለማን ያሳውቃል?

ጅማ ውስጥ ቤት ሲጠቁሙ የመንገድ ስም የሚጠራ ሰው ብዙ የለም። «ሄርማታ፣ ከመስጊዱ ገባ ብሎ» ይባላል። ወይም «ፈረንጅ አራዳ፣ አረንጓዴ በር ያለው ግቢ»። ባጃጁ ያደርሳል፣ ነገሩም ያልቃል። በሰው ሀገር ቤት ለሚከራይ ጡረተኛ ግን አድራሻ ማለት የመንግሥት ጉዳይ ነው። የት እንደሚያድር፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚኖር፣ ቤቱ የማን እንደሆነ በወረቀት ይጠየቃል። ካልተመዘገበ የመኖሪያ ፈቃዱ እድሳት ሊስተጓጎል ይችላል።

ጉዳዩ ከጅማ ሰው የራቀ አይደለም። ልጆቻቸው አሜሪካ ወስደዋቸው እዚያ የሚያረጁ እናትና አባቶች አሉ። የውጭ ዜግነት ይዘው፣ ጡረታ ወጥተው፣ «እስቲ ቦሳ ቂጦ ቤት ልከራይና ልረፍ» ብለው የሚመለሱም አሉ። እነዚህ በትውልድ ከተማቸው ሆነው በሕግ ዓይን የውጭ ዜጋ ናቸው።

አሠራሩ ከሀገር ሀገር ይለያያል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን አንድ ነው፤ የማሳወቁ ግዴታ የማን ነው? የአከራዩ ወይስ የተከራዩ?

በዚህ ጉዳይ ስሟ በጣም የሚነሳው ታይላንድ ናት። ዕድሜያቸው 50 የሞላ የውጭ ዜጎች ገቢ ወይም የባንክ ተቀማጭ እንዳላቸው አሳይተው በጡረታ መኖር ይችላሉ። ብዙዎቹም ቤት የሚገዙ ሳይሆን የሚከራዩ ናቸው። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የኢሚግሬሽን አዋጅ ነው። ሁለት የተለያዩ ግዴታዎች ይጥላል፣ ሰውም ዘወትር ያምታታቸዋል።

የመጀመሪያው የአከራዩ ነው። አንቀጽ 38 የቤቱ ባለቤት ወይም ኃላፊ የውጭ ዜጋ ባሳደረ በ24 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ያዛል። ቅጹ ቲኤም 30 ይባላል። ሆቴሎች ይህን በየቀኑ ስለሚሠሩት እንግዳው አያውቀውም። ችግሩ ያለው ግለሰብ አከራይ ጋ ነው። አንዳንዱ ሕጉን ጭራሽ አልሰማም። አንዳንዱ ሰምቷል፣ ግን የኪራይ ገቢው እንዳይታወቅ ይፈልጋል። እዚህ ላይ የጅማ አንባቢ ፈገግ ይላል። ውል ሲባል ፊቱ የሚጠቁር፣ ውል ከተጻፈም ዋጋው ዝቅ ብሎ እንዲጻፍ የሚጠይቅ አከራይ እኛም ዘንድ አይጠፋም።

በሕጉ መሠረት አላሳወቀም ተብሎ የሚቀጣው አከራዩ ነው። ጣጣው ግን ተከራዩ ላይ ይወድቃል። ጡረተኛው ዓመታዊ ፈቃዱን ሊያድስ ሲሄድ የቲኤም 30 ደረሰኝ አምጣ ይባላል። ደረሰኙ ከሌለ አከራዩን ይዞ መምጣት፣ ወይም ቅጣቱን ራሱ መክፈል ይኖርበታል። በዚያ ዕድሜ ከወረፋ ወረፋ መመላለስ ቀላል አይደለም። ቀድሞ ደግሞ ይብስ ነበር፤ ለጥቂት ቀን ወጥቶ ወደዚያው ቤት የተመለሰ ሰው ሁሉ እንደገና ይመዘገብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ይህ ላላ። ዳግም መግቢያ ፈቃድ ይዞ ወጥቶ ወደተመዘገበበት ቤት የተመለሰ አዲስ ምዝገባ አያሻውም።

ሁለተኛው ግዴታ የራሱ የጡረተኛው ነው። ከታይላንድ ሳይወጣ 90 ቀን በተከታታይ የቆየ የውጭ ዜጋ አድራሻውን ያሳውቃል፣ ከዚያም በየ90 ቀኑ ይደግማል። ከቀኑ 15 ቀን ቀድሞ እስከ 7 ቀን አሳልፎ ማቅረብ ይቻላል። በአካል፣ በፖስታ፣ በወኪል ወይም በኢንተርኔት ይሆናል። ዘግይቶ በራሱ ፈቃድ የቀረበ 2,000 ባት ይቀጣል። ከሀገር ከወጣ ቆጠራው ሲመለስ ከአንድ ይጀምራል። ይህ የቪዛ እድሳት አይደለም፤ የት እንዳለ ማሳወቅ ብቻ ነው። 90 ቀኑን አሳወቅሁ ብሎ ቪዛው ያለፈበት ሰው ሕገ ወጥ ነዋሪ ነው።

ፊሊፒንስ በየዓመቱ መጀመሪያ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ የውጭ ዜጎችን ሪፖርት ትጠይቃለች። የጡረተኞች ልዩ ቪዛ የያዙትን ግን ከዚህ ነፃ አድርጋለች። ጀርመን ግዴታውን ለሁለቱም አካፍላለች። ማንኛውም ሰው፣ ጀርመናዊም ቢሆን፣ ቤት በገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመዘገባል፤ አከራዩ ደግሞ መግባቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት ፈርሞ ይሰጠዋል። እኔ ይህን አሠራር እወደዋለሁ፤ የውጭ ዜጋን ለይቶ አይጠረጥርም። ጣሊያን ውስጥ የውጭ ዜጋ ያስጠጋ ወይም ቤት የሰጠ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ በጽሑፍ ያሳውቃል። ወንድሙን ያስጠጋም ቢሆን አይቀርለትም።

አሜሪካ ከሁሉም ይበልጥ የጅማን ቤተሰብ ይነካል። እዚያ አከራዩን የሚጠይቀው የለም፤ ግዴታው የስደተኛው ነው። ግሪን ካርድ የያዙ እናት ከልጃቸው ቤት ወጥተው ሌላ ከተማ ካለው ወንድ ልጃቸው ጋ ቢዛወሩ በ10 ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻ ለዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት ማሳወቅ አለባቸው። ቅጹ ኤአር-11 ይባላል፣ በኢንተርኔት ይሞላል፣ ክፍያ የለውም። ለዚህ ቅጽ የመንግሥት ክፍያ አለ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ደላላ ነው። ለፖስታ ቤት የአድራሻ ለውጥ ማስገባት ይህን አይተካም። ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ደብዳቤው ስለደረሰ መንግሥትም ያወቀ ይመስለዋል። ሕጉ ላይ እስከ 200 ዶላር መቀጮ ወይም እስከ 30 ቀን እስራት ተጽፏል፤ ያለ በቂ ምክንያት ያላሳወቀም ከሀገር ሊባረር ይችላል። ዜግነት ያገኘ ሰው ግን ከዚህ ግዴታ ይወጣል።

አሁን ወደ ጅማ። የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለው፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣ ነው። የያዘ ሰው ለመግባት ቪዛ፣ ለመኖርም የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም። የሌለው የውጭ ዜጋ ግን ጉዳዩ ከኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ጋር ነው።

አከራይን በተመለከተ ከታይላንዱ ጋር የሚመሳሰል ሕግ ነበረን። የፀረ-ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ቤት ያከራየ ሰው የተከራዩን ማንነት መዝግቦ በ24 ሰዓት ውስጥ በአቅራቢያው ላለ ፖሊስ ጣቢያ እንዲያሳውቅ ያስገድድ ነበር። የውጭ ዜጋ ከሆነ የፓስፖርቱ ኮፒም ይጨመራል። ያ አዋጅ በ2012 ተሽሮ በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተተክቷል። ልማዱ ግን አልጠፋም። አከራዮች መታወቂያ ኮፒ ተቀብለው ለቀበሌ፣ በኦሮምኛ ጋንዳ ለሚባለው፣ ማድረሳቸው የተለመደ ነው። በተለይ እንግዳ ፊት ሲሆን ጎረቤትም ይጠይቃል።

በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ ነገሩን ከጸጥታ ወደ ውል አዙሮታል። ውል በጽሑፍ ይሆናል፣ ከተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ ለምዝገባ ይቀርባል፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ክልሎች በየከተሞቻቸው የሚያስፈጽሙት ስለሆነ ጅማ ላይ ቤት ከመያዝ በፊት ጋንዳውን መጠየቅ ያሻል። ለተመላሽ ጡረተኛ የተመዘገበ ውል ጥቅሙ ብዙ ነው። ባንክ ሒሳብ ሲከፍትም ሆነ ሌላ ጉዳይ ሲያስፈጽም አድራሻህ የት ነው ሲባል «ከመስጊዱ ገባ ብሎ» ማለት አያዋጣም። የቤት ቁጥር ያለበት፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሲኖር ክርክር የለም። ስለዚህ አከራዩ ውል አስመዝግባለሁ ማለቱ በቃል ሳይሆን ቀብድ ከመቀበሉ በፊት ቢረጋገጥ ይሻላል። ቀብዱ ኪሱ ከገባ በኋላ «ነገ እንሄዳለን» ሊበዛ ይችላል።

አድራሻ የሚፈልገው የሚኖሩበት ሀገር ብቻም አይደለም። ጡረታ የሚከፍለውም ይፈልጋል። የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ ከሀገር ውጭ ለሚኖሩ ተጧሪዎች በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ መጠይቅ በፖስታ ይልካል። ሰውየው በሕይወት መኖሩንና ሁኔታው አለመለወጡን የሚያጣራ ነው። ተሞልቶ ካልተመለሰ ክፍያው ይቆማል። እኛ ጋ ደግሞ ፖስተኛ በር አያንኳኳም፤ ደብዳቤ የሚመጣው በፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው። ስለዚህ ጅማ የሚከራይ የአሜሪካ ተጧሪ ፖስታ ቤት ሳጥን በራሱ ስም ቢይዝና ያንኑ ቁጥር ለከፋዩ መሥሪያ ቤት ቢያሳውቅ ይሻላል። ቤት በቀየረ ቁጥር ሳጥኑን መቀየር አይጠበቅበትም። ኪራይ በየጊዜው በሚጨምርበትና ተከራይ ከግቢ ግቢ በሚዞርበት ከተማ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው።