ደሴና ኮምቦልቻ ሆኖ ሊኑክስ ለመማር ከየትኛው ዲስትሮ ይጀመር?

ሊኑክስ ሲባል ብዙ ሰው እንደ ዊንዶውስ አንድ ወጥ ሲስተም ይመስለዋል፣ ግን ሊኑክስ በራሱ ከርነሉ ብቻ ነው፣ ፕሮግራሞችን ከራሙ ከዲስኩ ከዋይፋዩ ጋ የሚያገናኘው ውስጠኛው ክፍል ማለት ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ ሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እያለ በ1991 ጀመረው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ከርነሉ ላይ የግኑ (ነጻ ሶፍትዌር የሚሰራው) ፕሮጀክት መሳሪያዎች፣ ዴስክቶፕ፣ ሶፍትዌር መጫኛ ምናምን ተጨምሮበት ሲቀርብ ዲስትሮ ይባላል። ዲስትሮ ደሞ በመቶዎች ነው ያለው፣ ጀማሪ ግራ የሚጋባውም እዚ ጋ ነው፣ አንዱን ይጭናል በሳምንቱ ስለ ሌላ ይሰማና ፎርማት፣ ደሞ ሌላ ይሰማና ፎርማት፣ ዓመት ሙሉ ኢንስቶል ማድረግ ብቻ ለምዶ ይቀራል።

ግን አብዛኞቹ ከጥቂት ቤተሰብ ነው የሚወጡት። ትልቁ ቤተሰብ የዴቢያን ነው፣ ዴቢያን በ1993 ተጀመረ፣ ከሱ በ2004 ኡቡንቱ ወጣ፣ ከኡቡንቱ ደሞ በ2006 ሊኑክስ ሚንት። ሌላው ሬድ ሃት የሚባለው ኩባንያ ወገን ነው፣ ፌዶራ፣ ሮኪ፣ አልማ እዛ ውስጥ ናቸው። በ2002 የመጣው አርች ራሱን የቻለ ነው፣ ጄንቱም፣ ሱሴም፣ ከ1993 ጀምሮ እስካሁን ያለው ስላክዌርም አለ። ተማሪው ቶሎ የሚያየው ልዩነት ፓኬጅ ማኔጀሩ (ሶፍትዌር የሚጭነውና የሚያድሰው) ላይ ነው፣ ዴቢያን ጋ አፕት፣ ሬድ ሃት ጋ ዲኤንኤፍ፣ አርች ጋ ፓክማን። የፋይል አቀማመጡ፣ ፐርሚሽኑ (ፋይሉን ማን መክፈት እንደሚችል)፣ ትዕዛዝ የሚጻፍበት ባሽ፣ ሌላ ማሽን ውስጥ በኔትወርክ የሚገባበት ኤስኤስኤች፣ አብዛኞቹ ላይ ሰርቪሶችን የሚያስነሳው ሲስተምዲም ጭምር፣ አንዴ ከተያዘ ሌላውም ጋ ይሰራል። ለዛ ነው አንዱ ላይ ረግቶ መቆየት ከመቀያየር የበለጠ ያስተምራል ብዬ አጥብቄ የምለው።

የትኛው ላይ ይቆይ የሚለውን እኛ ጋ የሚወስነው ያለው ላፕቶፕ፣ ዳታና መብራት ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ካምፓስም ይሁን ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር ልጅ እጅ ላይ ብዙ ጊዜ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው የሚገኘው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አልቋል፣ ዊንዶውስ 11 ደሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ አሮጌው ማሽን አይቀበለውም፣ እንዲህ ያለው ላፕቶፕ ግን ለሊኑክስ ገና ብዙ ያገለግላል። ራሙ 4 ጂቢ ከሆነ ሚንት፣ በተለይ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ዴስክቶፕ ያለበት፣ በደንብ ይሄዳል። ከዛ በታች ከሆነ አንቲኤክስ የሚባለው ቀላል ዲስትሮ ይሞከር። ፒያሳ አካባቢ ጥገና ቤት ወስዶ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ማስቀየር ከተቻለ ደሞ ከየትኛውም የዲስትሮ ምርጫ በላይ ለውጥ ያመጣል።

ዳታውን ብዙ ጽሁፎች አይነኩትም፣ የሚጽፉት ሰዎች ያልተገደበ ኢንተርኔት ስላላቸው ይመስለኛል። የኡቡንቱ 24.04 ዴስክቶፕ ፋይል ወደ 6 ጂቢ ይጠጋል፣ የሚንት የዛ ግማሽ ገደማ ነው። የዴቢያን ትንሿ ኢንስቶለር ከ1 ጂቢ በታች ናት፣ ግን ቀሪውን እዛው እየጫነች ስለምታወርድ ኢንተርኔት በሌለበት ቤት መሀል ላይ ታስቀራለች፣ ስለዚ ዴቢያን የፈለገ ላይቩን (ሳይጫን ከፍላሽ የሚነሳውን) ወይ ዲቪዲውን ይያዝ። ኔት ሲቆራረጥ ካቆመበት እንዲቀጥል በቶረንት ማውረድ ይሻላል፣ ካለቀ በኋላም ቼክሰሙን (ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን የሚያሳየውን ቁጥር) ማየት ግዴታ ነው፣ የተበላሸ ፋይል ኢንስቶሉን ግማሽ ላይ ሲገትረው ልጁ ማሽኑ የተበላሸ እየመሰለው ተስፋ ይቆርጣል። አንድ ሰው አንዴ ካወረደው ደሞ ሌላው ዳታ የሚያቃጥልበት ምክንያት የለም፣ ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የሐረጎን ቁልቁለት በሚወርድ ሰው ፍላሹን መላክ ይቻላል። ቬንቶይ የሚባለው ፕሮግራም የተጫነበት 32 ጂቢ ፍላሽ ላይ ብዙ ዲስትሮ አብሮ ይቀመጣል፣ ላፕቶፑ ሲነሳ መምረጥ ብቻ ነው። ፓኬጅም እንደዛው፣ ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ በአፕት-ጌት የተጫነ ነገር ቫር ውስጥ ካሽ፣ አፕት፣ አርካይቭስ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፣ ኮፒ አርጎ ተመሳሳይ ቨርዥን ላለው ጓደኛ መስጠት ይቻላል። አፕት ብቻ ተብሎ ከተጫነ ግን ፋይሎቹን ሲጨርስ ያጠፋቸዋል፣ ይህቺን ልዩነት ማወቅ ብዙ ብር ታተርፋለች።

አርችን ለመጀመሪያ የማልመክረውም በዚሁ ነው። አርች በቨርዥን አይወጣም፣ ሁሌ ይታደሳል፣ ጥቂት ወር ኢንተርኔት ሳያይ ቆይቶ አፕዴት ሲደረግ መዓት ነገር ያወርዳል፣ የፊርማ ቁልፎቹም ስለሚያረጁ መጀመሪያ እነሱን ማደስ ሊያስፈልግ ይችላል። የኡቡንቱ ኤልቲኤስ (ረጅም ድጋፍ ያለው ቨርዥን) ግን በየሁለት ዓመቱ ኤፕሪል ላይ ወጥቶ 5 ዓመት ይደገፋል፣ ሚንትም የሚሰራው በሱ ላይ ነው። ፌዶራ በየ6 ወሩ ይወጣል፣ አንዱ ቨርዥን የሚደገፈው 13 ወር ገደማ ነው።

ካሊን በተመለከተ፣ ሀኪንግ የሚል ቪዲዮ ያየ ልጅ ሁሉ በሱ ልጀምር ይላል። ካሊ የሴኪውሪቲ ፍተሻ ባለሙያዎች የስራ ዕቃ ነው፣ የሰሩት ሰዎች ራሳቸው ሊኑክስ ለማያውቅ አይሆንም ብለው ዶክመንታቸው ላይ ጽፈዋል። መሳሪያዎቹን የፈለገ ኔትወርክና ተርሚናል (ትዕዛዝ እየጻፉ የሚሰሩበትን መስኮት) ካወቀ በኋላ ይመለስበት፣ ያኔ የሚያየው ነገር ይገባዋል።

አማርኛ ለመጻፍ አይባስና ኤም17ኤን የሚባሉትን የኪቦርድ ፕሮግራሞች ጭኖ አማርኛ ሴራን (በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ የሚጻፍበትን) መምረጥ ነው፣ ፎንቱም አቢሲኒካ አለ። ይሄን በመጀመሪያው ቀን ማስተካከል ጥሩ ነው፣ ማሽኑን ለዕለት ተዕለት ስራ ካልተጠቀሙበት ትምህርቱም አይገፋም።

ሚንት ላይ ጥቂት ወራት ተቆይቶ ተርሚናሉ ሲለመድ ቀጣዩ ዴስክቶፕ የሌለው ዴቢያን ወይ ኡቡንቱ ሰርቨር ነው፣ ቨርቹዋልቦክስ (ማሽኑ ውስጥ ሌላ ማሽን የሚፈጥር ፕሮግራም) ላይም ይሆናል፣ ራም ካነሰ ደሞ የተጣለ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጭኖ ከሌላው በኤስኤስኤች መግባት። የቤት ዋይፋይ ራውተር ካለ ኢንተርኔት ባይኖርም ሁለቱ ይገናኛሉ። ከዛ በኋላ ሮኪ ወይም አልማ ይምጣ፣ ሁለቱም በ2021 የወጡት ሬድ ሃት በነጻ ይሰጠው የነበረውን ሴንትኦኤስ 8ን በዛው ዓመት መጨረሻ እንደሚያቆመው ካሳወቀ በኋላ ነው። ኤስኢሊኑክስ የሚባለው ጥበቃ እዛ ላይ በደንብ ይለመዳል፣ የሬድ ሃትን የአድሚን ፈተና የሚያስብ ሰውም በዚ ነው የሚዘጋጀው፣ ፈተናው ማሽን ላይ የሚሰራ እንጂ ምርጫ የሚጠቆርበት አይደለም።

ይሄ ሁሉ ከተለመደ በኋላ አርችም ይሞከር፣ በእጅ ሲጫን ፓርቲሽኑም (የዲስኩ ክፍፍል) ቡትሎደሩም (ሲስተሙን የሚያስነሳው) እያንዳንዱ ምን እንደሚሰራ ያሳያል። ጄንቱ ብዙውን ፕሮግራም ከሶርስ ኮዱ እዛው ማሽኑ ላይ ኮምፓይል (ወደሚሰራ ፕሮግራም) ስለሚያደርግ ሰዓታት ይወስዳል፣ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ስቃይ ነው። ሊኑክስ ፍሮም ስክራች የሚባለው ሲስተሙን ከባዶ እየገነቡ የሚማሩበትም ረጅም ነው፣ መጽሐፉ ግን በነጻ ነው፣ ሶርሶቹ አንዴ ከወረዱ በኋላ ግንባታው ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ዳታ ለሚቸግረው ሰው ከአርች ይልቅ ይሄ ሊመቸው ይችላል።